የሬዚስተር ኔትወርክን ማቅለል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር፣ ፖሊ በር አካባቢ፣ ማታ ማታ የመጀመሪያና የሁለተኛ ዓመት ኢንጂነሪንግ ተማሪዎችን አስጠናለሁ። ሰርኪዩት ላይ ስንደርስ በየዓመቱ የምሰማው ነገር ያው ነው፦ «ፎርሙላውን አውቀዋለሁ፤ ሥዕሉን ሳየው ግን ይጠፋብኛል።» ይህን የሚሉኝ ጎበዞቹም ናቸው። ስለዚህ ጥያቄዎቻቸውን ሰብስቤ መልሱን እዚህ ጻፍኩት። ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ አንብቡት። በዓይን ብቻ ካነበባችሁት ነገ ይጠፋል።

«አቻ ሰርኪዩት» ሲባል ከምን ጋር ነው አቻ የሚሆነው?

አንድ ካርቶን አስቡ። ውስጡ አይታይም፤ ሁለት ሽቦ ብቻ ወጥቷል። መልቲሜትር ስታገናኙበት 5 ኦም ይላል። ውስጥ ያለው አንድ ባለ 5 ኦም ሬዚስተር ሊሆን ይችላል። ሁለት ባለ 10 ኦም በፓራለል ተገናኝተውም ሊሆን ይችላል። አሥራ አምስት ሬዚስተር ተጠላልፎም ሊሆን ይችላል። ከውጭ ለሚለካ ሰው ሁሉም አንድ ነው። የፈለገውን ባትሪ ቢያገናኝ የሚያገኘው ከረንት አይለይም። አቻ ማለት ይኸው ነው፤ በእነዚያ ሁለት ጫፎች በኩል ሲታይ ልዩነት የሌለው።

«በእነዚያ ሁለት ጫፎች» የሚለውን አስምሩበት። «የዚህ ሰርኪዩት ሬዚስታንስ ስንት ነው?» ተብሎ ብቻ ቢጠየቅ ጥያቄው ጎዶሎ ነው። በየትኞቹ ጫፎች መካከል? ጫፎቹ ሲቀየሩ መልሱም ይቀየራል፤ የሥራው ክብደትም ይቀየራል። ወደ ታች ስትወርዱ አንዱን ኔትወርክ ከሁለት አቅጣጫ አሳያችኋለሁ። ከአንዱ በኩል ራስ ምታት ነው፤ ከሌላው በኩል በሁለት መስመር ያልቃል።

ሲሪስ ይሁን ፓራለል እንዴት እለያለሁ?

በቅርጹ አትለዩ። የሥዕሉ ቅርጽ የሣዩ ምርጫ ነው። ሰርኪዩቱ ማለት የትኛው ጫፍ ከየትኛው ጫፍ ጋር ተያይዟል የሚለው ብቻ ነው።

ሁለት ሬዚስተሮች ሲሪስ የሚሆኑት አንድ ኖድ (የሽቦዎች መገናኛ) ሲጋሩና በዚያ ኖድ ላይ ሌላ ምንም ሳይኖር ሲቀር ነው። ከአንዱ የወጣው ከረንት ሁሉ ሌላው ውስጥ መግባት አለበት። ፓራለል የሚሆኑት ደግሞ ሁለቱም ጫፎቻቸው በተመሳሳይ ሁለት ኖዶች ላይ ሲያርፉ ነው። ጎን ለጎን መሣላቸው ምንም አያረጋግጥም።

እኔ የማስተምረው ዘዴ ቀላል ነው። ሬዚስተር ሳታቋርጡ በሽቦ ብቻ ልትደርሱባቸው የምትችሉትን ቦታዎች ሁሉ በአንድ ቀለም አቅልሙ። አንድ ቀለም አንድ ኖድ ነው። ሦስት እስክሪብቶ ካላችሁ የአብዛኛው ፈተና ጥያቄ ይበቃችኋል።

አንድ ምሽት ያየሁትን ልንገራችሁ። ጥያቄው ላይ ሦስት ባለ 6 ኦም ሬዚስተሮች በአንድ መስመር ተደርድረዋል። ከግራ ጀምሮ ነጥቦቹ ሀ፣ ለ፣ መ፣ ረ ናቸው። አንድ ሽቦ ከላይ ዞሮ ሀን ከመ ጋር ያገናኛል። ሌላ ሽቦ ከታች ዞሮ ለን ከረ ጋር ያገናኛል። አንዲት ተማሪ ወዲያው «18 ኦም» ብላ ጻፈች። ሰልፍ ይመስላል እኮ! ቀይና ሰማያዊ እስክሪብቶ ሰጠኋት። ሀን ቀይ አደረገች፤ በሽቦው ተከትላ መንም ቀይ አደረገች። ለና ረ ሰማያዊ ሆኑ። ከዚያ እጇ ቆመ። እያንዳንዱ ሬዚስተር አንድ ጫፉ ቀይ፣ አንድ ጫፉ ሰማያዊ ነበር። ሦስቱም ፓራለል ናቸው ማለት ነው። መልሱ 2 ኦም ነው። ምንም ሳልላት ራሷ «ውይ!» አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ቀለም ሳትቀባ ሒሳብ አትጀምርም።

በፓራለል ሲጨመር ሬዚስታንሱ የሚቀንሰው ለምንድን ነው? ሬዚስተር ተጨምሮ ተቃውሞ ይቀንሳል?

ሬዚስተር ስትጨምሩ መንገድም ጨምራችኋል። ለባሕር ዳር ሰው ጣናን ማየት ይበቃዋል። የሐይቁ ውሃ ዛሬ በሁለት በኩል ይወጣል። አንደኛው በጨረጨራ ግድብ በኩል ወደ አባይ፣ ከዚያም ወደ ጢስ እሳት ይወርዳል። ሌላው እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራ በጀመረው በጣና በለስ ዋሻ ገብቶ፣ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያላቸውን ተርባይኖች አልፎ፣ በለስ ወንዝ ላይ ይደፋል። በለስም ርቆ ሄዶ መልሶ አባይን ይቀላቀላል። ከአንድ ቦታ ተለያይቶ አንድ ቦታ መገናኘት፤ ፓራለል ማለት ይህ ነው። ሁለት መውጫ ያለው ሐይቅ ካንድ መውጫ ይልቅ በቀላሉ ይፈስሳል።

አንድ ልጅ ይህን ስነግረው ቆንጆ ጥያቄ ጠየቀኝ። «ታዲያ የበለስ ውሃ ሲወሰድ የጢስ እሳት ፏፏቴ ቀንሷል አይደል? መጽሐፉ ግን በፓራለል ያለ አንዱ ብራንች (ቅርንጫፍ) ሌላውን አይነካም ይላል።» ትክክል ነው ያለው። መልሱ ምንጩ ላይ ነው። ባትሪ ቮልቴጁን ለመጠበቅ የሚጣጣር ምንጭ ነው። አዲስ ብራንች ስትጨምሩበት ተጨማሪ ከረንት ይሰጣል፤ የድሮው ብራንች ድርሻ ግን እንዳለ ይቆያል። ጣና ደግሞ በዓመት የሚገባለት ውሃ የተወሰነ ነው። እንደ ከረንት ምንጭ ነው የሚሠራው፦ ያለው ይኸው ነው፣ ተካፈሉት ይላል። በከረንት ምንጭ ላይ አዲስ ፓራለል ብራንች ከከፈታችሁ የድሮው ብራንች ከረንት ይቀንሳል። ስለዚህ «አይነካም» የሚለው ለቮልቴጅ ምንጭ ብቻ የሚሠራ አባባል ነው። ይህን ልዩነት የያዘ ተማሪ ወደ ታች የምናየው፣ በከረንት ምንጭ የሚሠራው ኖርተን ላይ ሲደርስ አይደናገርም።

ለሁለት ሬዚስተር፦ ብዜታቸው ÷ ድምራቸው። እኩል ለሆኑ ብዙ ሬዚስተሮች፦ አንዱን ለቁጥራቸው ማካፈል። ለቀሪው፦ የእያንዳንዱን ግልባጭ ደምሮ መልሶ መገልበጥ። «ብዜት በድምር» የሚለውን ለሦስት በአንዴ አትጠቀሙበት፤ አይሠራም። ሁለት ሁለቱን እያደረጋችሁ ሂዱ።

ከየት ልጀምር?

ከምንጩ ርቆ ካለው ጥግ ጀምሩ። ወደ ምንጩ እያጠፋችሁ ኑ።

ለምሳሌ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አለ። መጀመሪያ 4 ኦም አለ። ከእሱ ቀጥሎ 6 ኦምና 12 ኦም በፓራለል ቆመዋል። ከጥግ እንጀምር፦ 6 × 12 ÷ 18 = 4 ኦም። ከፊት ካለው 4 ጋር ሲደመር 8 ኦም። ከረንቱ 12 ÷ 8 = 1.5 አምፒር ነው።

ብዙዎች እዚህ ያቆማሉ። ጥያቄው ግን «በ12 ኦሙ የሚያልፈው ስንት ነው?» ከሆነ መመለስ አለባችሁ። ስትሄዱ ያጠፋችሁትን ስትመለሱ ትዘረጋላችሁ። በ4 ኦሙ ላይ 6 ቮልት ወደቀ። ቀሪው 6 ቮልት በፓራለሉ ላይ ነው። በ6 ኦሙ 1 አምፒር፣ በ12 ኦሙ 0.5 አምፒር። ሲደመር 1.5፤ ገጠመ። በየደረጃው ያለውን ሥዕል አታጥፉት። በላዩ ላይ ሰርዛችሁ የምትሠሩ ከሆነ ስትመለሱ መንገዱ አይኖርም።

ሲሪስም ፓራለልም ያልሆነ ቢያጋጥመኝስ?

የሚያጋጥመው ብዙ ጊዜ ብሪጅ ነው፤ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት መንገዶችን መካከላቸው ላይ አንድ ሬዚስተር ሲያገናኛቸው። አራት ኖዶች ውሰዱ፦ ከላይ ሀ፣ በግራ መ፣ በቀኝ ረ፣ ከታች ለ። ከሀ ወደ መ 3 ኦም፣ ከሀ ወደ ረ 6 ኦም፣ ከመ ወደ ረ 9 ኦም፣ ከመ ወደ ለ 10.5 ኦም፣ ከረ ወደ ለ 3 ኦም። በሀና በለ መካከል ያለው ስንት ነው?

ቀለም ብትቀቡም ሲሪስ የሆነ ጥንድ አታገኙም፤ ፓራለልም የለም። እዚህ ላይ የዴልታና የኮከብ ለውጥ ይገባል። የኤሌክትሪክ መሐንዲሱ አርተር ኬኔሊ እ.ኤ.አ. በ1899 ያሳተመው ዘዴ ነው። ኮከቡን አንዳንዱ መምህር «ዋይ» ይለዋል፤ አንድ ነገር ነው።

ሀ፣ መ፣ ረ ሦስት ማዕዘን ሠርተዋል፤ ዴልታ የምንለው እሱን ነው። ጎኖቹ 3፣ 6 እና 9 ናቸው፤ ድምራቸው 18። ይህን ሦስት ማዕዘን አንስተን መካከል ላይ አዲስ ነጥብ ያለው ኮከብ እንተካለን። ሕጉ አንድ ነው፦ የኖዱ ክንድ = ኖዱን የሚነኩት ሁለት ጎኖች ብዜት ÷ የሦስቱ ድምር።

የሀ ክንድ፦ 3 × 6 ÷ 18 = 1 ኦም።
የመ ክንድ፦ 3 × 9 ÷ 18 = 1.5 ኦም።
የረ ክንድ፦ 6 × 9 ÷ 18 = 3 ኦም።

አሁን ሥዕሉን እንደ አዲስ ሣሉት። ከሀ 1 ኦም ወርዶ መካከለኛው ነጥብ ላይ ይደርሳል። ከዚያ በግራ 1.5 + 10.5 = 12 ኦም፣ በቀኝ 3 + 3 = 6 ኦም። ሁለቱ ለ ላይ ይገናኛሉ። 12 እና 6 በፓራለል 4 ኦም። ከላይ ካለው 1 ጋር 5 ኦም። አለቀ።

አሁን ቃል የገባሁትን ልፈጽም። ይህንኑ ኔትወርክ በመና በረ መካከል ለኩት። በሀ በኩል 3 + 6 = 9። በለ በኩል 10.5 + 3 = 13.5። ቀጥታ 9። ሦስቱም ፓራለል ናቸው፤ መልሱ 3.375 ኦም ነው። ዴልታም ኮከብም አላስፈለገም። ሬዚስተሮቹ ያው ናቸው፤ የቆማችሁበት ቦታ ነው የተቀየረው።

ሕጉን ሳልሸመድድ ማመን እችላለሁ?

አዎ፣ በመለካት። ሦስተኛውን ጫፍ ክፍት ትታችሁ በሁለት ጫፎች መካከል ዴልታውና ኮከቡ እኩል መስጠት አለባቸው። በሀና በመ መካከል ዴልታው 3 ከ15 ጋር በፓራለል፣ 2.5 ኦም ነው። ኮከቡ 1 + 1.5፣ ይኸውም 2.5። በሀና በረ፦ ዴልታው 6 ከ12 ጋር 4፣ ኮከቡ 1 + 3። በመና በረ፦ 9 ከ9 ጋር 4.5፣ ኮከቡ 1.5 + 3። ሦስቱም ገጠሙ። ፎርሙላው የተወለደው ከእነዚህ ሦስት እኩልነቶች ነው፤ ወረቀት ላይ አውጡት፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ከኮከብ ወደ ዴልታ ሲመለስ፦ ክንዶቹን ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ አባዙና ደምሩ፤ ከዚያ ጎኑ ለማይነካው ክንድ አካፍሉ። በምሳሌያችን ድምሩ 9 ይመጣል። ለ1 ሲካፈል 9፣ ለ1.5 ሲካፈል 6፣ ለ3 ሲካፈል 3። የመነሻ ጎኖቻችን ተመለሱ። ሦስቱም እኩል ከሆኑ ደግሞ የዴልታው ጎን የኮከቡ ክንድ ሦስት እጥፍ ነው። ይህችን ብቻ መሸምደድ ጥሩ ነው።

ብሪጅ ውስጥ ሁለት ዴልታ አለ። የትኛውን ልቀይር?

የተጠየቀውን ከረንት የማይዘውን። ዴልታ ስትቀይሩ ሦስቱ ጎኖች ከሥዕሉ ይጠፋሉ፤ ከረንታቸውም አብሮ ይጠፋል። የኮከቡ መካከለኛ ነጥብም በእውነተኛው ቦርድ ላይ የለም። የመልቲሜትር ጫፍ የምታሳርፉበት ቦታ አይደለም።

ተማሪ ሳለሁ ፈተና ላይ ይህን ስቼ ነበር። የተጠየቀው የመካከለኛው ሬዚስተር ከረንት ነበር። እሱ በሁለቱም ዴልታ ውስጥ አለ፤ እኔ ይህን ሳላስተውል አንዱን ቀየርኩ። ጠቅላላ ሬዚስታንሱ ትክክል ወጣልኝ፤ የተጠየቀው ሬዚስተር ግን የትም የለም። ሰዓቱ አለቀ። ያኔ ያላወቅሁት ነገር መመለሻ መንገድ መኖሩን ነው። ኖዶቹ አልጠፉም እኮ፤ ቮልቴጃቸውን ማስላት ይቻላል።

በእኛው ብሪጅ እንየው። በሀና በለ መካከል 10 ቮልት አድርጉ። ጠቅላላ ከረንቱ 2 አምፒር ነው። መካከለኛው ነጥብ 10 − 2 × 1 = 8 ቮልት ላይ ነው። በግራ 8 ÷ 12፣ በቀኝ 8 ÷ 6 አምፒር ይወርዳል። የመ ቮልቴጅ 7፣ የረ ቮልቴጅ 4 ይሆናል። አሁን ወደ መነሻው ሥዕል ተመለሱ። በ9 ኦሙ ላይ ያለው ልዩነት 3 ቮልት ነው፤ ከረንቱ ከመ ወደ ረ አንድ ሦስተኛ አምፒር። ስትቀይሩ ከረንት ትለቃላችሁ፣ ኖዶቹን ግን አትለቁም።

ብሪጁ ሚዛናዊ ከሆነስ?

የግራው የላይና የታች ጥምርታ ከቀኙ ጋር እኩል ከሆነ በመካከለኛው ሬዚስተር ከረንት አያልፍም። አንሱት። ዴልታ መቀየር ድካም ነው። ሁልጊዜ መጀመሪያ ይህን ፈትሹ፤ አስተማሪዎች ይወዱታል።

ሲሜትሪ ምን ይጠቅመኛል?

በጣም ይጠቅማል፤ እኔ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። በሲሜትሪ ምክንያት ቮልቴጃቸው እኩል የሆኑ ኖዶችን በሽቦ ብታገናኟቸው ምንም አይለወጥም። በመካከላቸው ልዩነት ስለሌለ በሽቦው ምንም አያልፍም።

አሥራ ሁለት ባለ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች ግዙ። ቡኒ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ ወርቃማ ቀለበት ያላቸው ናቸው። የኩብ ጠርዞች አድርጋችሁ በየዱኟቸው። ጥያቄው፦ ከአንዱ ጥግ እስከ ትይዩው ሩቅ ጥግ ስንት ነው? በኪርሆፍ ሕግ (ወደ ኖድ የሚገባው ከረንት ከሚወጣው እኩል ነው የሚለው) ከገባችሁ ብዙ ገጽ ይፈጃል። በሲሜትሪ ግን እንዲህ ነው። ከመነሻው ጥግ ሦስት ጠርዞች ይወጣሉ፤ ሦስቱ ጫፎቻቸው እኩል ቮልቴጅ ላይ ናቸው። አገናኟቸው። ወደ መድረሻው የሚገቡት ሦስቱም እንዲሁ። በመካከል ስድስት ጠርዞች ይቀራሉ። ስለዚህ ሦስት በፓራለል፣ ከዚያ ስድስት በፓራለል፣ ከዚያ ሦስት በፓራለል። አንድ ሦስተኛ + አንድ ስድስተኛ + አንድ ሦስተኛ = አምስት ስድስተኛ። ወደ 833 ኦም ማለት ነው።

ይህን ኩብ ሠርቼ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬዋለሁ። የመጣ ተማሪ ሁሉ መልቲሜትሩን አንሥቶ ይለካዋል። ወርቃማው ቀለበት አምስት በመቶ የሚደርስ ልዩነት ስለሚፈቅድ ቁጥሩ ቁርጥ 833 አይመጣም፤ እዚያው አካባቢ ነው የሚያርፈው።

ቴቨኒን በተግባር የት ይገጥመኛል?

ቤታችሁ ውስጥ። እናታችሁ ምጣድ ሲጥዱ ሳሎን ያለው አምፖል ፈዘዝ ይላል አይደል? ያ ቴቨኒን ነው፤ የምንጮችና የሬዚስተሮችን ኔትወርክ በአንድ ቮልቴጅ ምንጭና በአንድ ሲሪስ ሬዚስተር መተካት።

ከግድግዳው ሶኬት ወደ ኋላ ያለው ነገር ሁሉ፣ ምሰሶው፣ ትራንስፎርመሩ፣ ሽቦው፣ ለእናንተ እንደ አንድ ቮልቴጅ ምንጭና ከእሱ ጋር ሲሪስ እንደሆነ አንድ ሬዚስተር ነው። ባዶ ሶኬት 220 ቮልት ይላል እንበል። የሽቦው ሬዚስታንስ 1 ኦም፣ ምጣዱ 14 ኦም ይሁን። ምጣዱ ሲሰካ 220 × 14 ÷ 15፣ ወደ 205 ቮልት ይቀራል። ጎረቤትም በዚያው መስመር ላይ ተመሳሳይ ምጣድ ሲጥድ ሁለቱ በፓራለል 7 ኦም ይሆናሉ። 220 × 7 ÷ 8 = 192.5 ቮልት። ምጣዱ በሙሉ 220 ቮልት ከሚያገኘው ኃይል ሩብ ያህሉን አጣ። እንጀራው ዓይን አላወጣ ሲል ጥፋቱ የሊጡ ላይሆን ይችላል። በበዓል ዋዜማ ሰፈሩ ሁሉ ሲጋግር ምን እንደሚሆን ከዚህ ገምቱ።

አሁን ወደ ወረቀቱ። 12 ቮልት ባትሪ በሁለት ባለ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች ተከፍሎ መካከሉ ላይ 6 ቮልት ይገኛል። ተማሪው 6 ቮልት አገኘሁ ብሎ ባለ 10 ኪሎ ኦም ጭነት ያገናኛል። ሲለካ 4 ቮልት! የት ሄደ? የቴቨኒኑ ቮልቴጅ 6 ነው። ሬዚስታንሱን ለማግኘት ባትሪውን በሽቦ ተኩት፤ ሁለቱ ሬዚስተሮች ፓራለል ሆነው 5 ኪሎ ኦም ይሰጣሉ። እንግዲህ 6 × 10 ÷ 15 = 4። የትም አልሄደም።

ምንጮችን ስታጠፉ፦ የቮልቴጅ ምንጭ በሽቦ ይተካል፣ የከረንት ምንጭ ይቆረጣል። ይህን የሚያገላብጥ ተማሪ ብዙ ነው። ዜሮ ቮልት ማለት ሽቦ፣ ዜሮ አምፒር ማለት የተቆረጠ መስመር ነው ብላችሁ ካሰባችሁ አይገላበጥም።

ኖርተንስ?

ያው ነገር በሌላ ልብስ። ከላይ ያለው 6 ቮልትና 5 ኪሎ ኦም፣ 1.2 ሚሊ አምፒር ከረንት ምንጭና በፓራለል የቆመ 5 ኪሎ ኦም ይሆናል። ከፊታችሁ ያለው ሲሪስ ከሆነ ቴቨኒን፣ ፓራለል ከሆነ ኖርተን ይቀላል። ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሔልምሆልትዝ የቴቨኒንን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1853፣ የፈረንሳይ ቴሌግራፍ መሐንዲሱ ቴቨኒን ደግሞ በ1883 ለየብቻ ደረሱበት። ኖርተን በ1926 ነው።

በአቻው ላይ ኃይል ባሰላ ትክክል ይመጣል?

ለውጭው ጭነት አዎ። ለውስጡ ግን አይደለም። ጭነት ሳይኖር እነዚያ ሁለት ባለ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች 7.2 ሚሊ ዋት እያቃጠሉ ነው። የቴቨኒኑ አቻ ግን ከረንት ስለሌለው ዜሮ ይላል። አቻነቱ ጫፎቹ ላይ ነው፤ ካርቶኑ ውስጥ ምን እንደሚሞቅ አይነግርም። ባትሪ ስንት ሰዓት ይቆያል ብላችሁ የምታሰሉ ከሆነ ወደ መነሻው ሥዕል ተመለሱ።

ማለቂያ የሌለው መሰላልስ እንዴት ይሠራል?

1 ኦም በመስመሩ ላይ፣ 1 ኦም ወደ ታች፣ እንደገና 1 በመስመሩ ላይ፣ 1 ወደ ታች፣ እስከ ዘላለም። መልሱን «ተፈላጊ» በሉት። መሰላሉ ማለቂያ ስለሌለው የመጀመሪያውን እርከን ብትቆርጡ የቀረውም ያው መሰላል ነው። ስለዚህ ተፈላጊ = 1 + (1 እና ተፈላጊ በፓራለል)። ሲፈታ 1.618 ኦም ይመጣል። በእርከን እየቆጠራችሁ ብትሄዱም ፈጥኖ ይደርሳል፦ አንድ እርከን 2፣ ሁለት 1.667፣ ሦስት 1.625፣ አራት 1.619። የምሰሶ መስመርም እንዲህ ያለ መሰላል ነው፤ ሽቦው በመስመሩ ላይ፣ ቤቶቹ ወደ ታች። ከትራንስፎርመሩ የራቀው ቤት መብራቱ የሚደክመው ለዚህ ነው።

ቦርድ ላይ የተበየደ ሬዚስተር ስለካ ከተጻፈው ያነሰ ይላል። ተበላሽቷል?

ላይሆን ይችላል። መልቲሜትሩ እሱን ብቻ አይደለም የሚያየው፤ በቦርዱ በኩል ዞሮ የሚመጣ ሌላ መንገድ ሁሉ ፓራለል ይሆንበታል። ፓራለል ደግሞ ከትንሹም ያንሳል። አንሶ ከታየ አንድ እግሩን ነቅላችሁ ድገሙት። ከተጻፈው በላይ ካሳየ ግን ጠርጥሩት፤ ፓራለል መንገድ ቁጥርን ከፍ አያደርግም። ገበያው አካባቢ ያሉ የራዲዮ ጠጋኞች ፎርሙላ ሳይጠሩ ይህን ሲጠቀሙ አይቻለሁ። መብራቱ ተነቅሎ፣ ካፓሲተሮቹ ባዶ ሆነው ነው የሚለካው። ትልልቅ ሬዚስተር ስትለኩ ሁለቱንም ጫፍ በጣት አትያዙ። ገላችሁም ፓራለል ይሆናል።

ዳዮድ ወይም ኤልኢዲ ካለበትስ?

ዳዮድ እንደ ሬዚስተር ቋሚ ኦም የለውምና ከካርቶኑ ውጭ ተዉት። የቀረውን በቴቨኒን አቅልሉ። በ6 ቮልትና 5 ኪሎ ኦሙ ላይ ወደ 2 ቮልት የሚይዝ ቀይ ኤልኢዲ ብታገናኙ (6 − 2) ÷ 5 ኪሎ ኦም፣ 0.8 ሚሊ አምፒር ያልፋል።

መቼ ነው ማቅለሉን መተው ያለብኝ?

የሁሉም ብራንች ከረንት ሲፈለግ። ያኔ እያቀለሉ መሄድና መመለስ እጥፍ ሥራ ነው። ኖዶቹን ሰይሙ፣ በየኖዱ የኪርሆፍን የከረንት ሕግ ጻፉ፣ ፍቱ። አንድ ጭነት ብቻ ሲለዋወጥ ግን ቴቨኒንን የሚያህል የለም።

መልሴ ትክክል መሆኑን በምን አውቃለሁ?

በሁለት አጥር ውስጥ አስገቡት። ከኔትወርኩ አንድ ሬዚስተር ብትነቅሉ ጠቅላላው አይቀንስም። አንዱን በሽቦ ብትተኩት አይጨምርም። በእኛ ብሪጅ 9 ኦሙን ንቀሉት፦ 13.5 እና 9 በፓራለል፣ 5.4 ኦም። አሁን በሽቦ ተኩት፦ ከላይ 3 እና 6 በፓራለል 2፣ ከታች 10.5 እና 3 በፓራለል 2.33፣ በድምሩ 4.33። እውነተኛው መልስ በ4.33 እና በ5.4 መካከል መሆን አለበት። 5 ወጥቶልናል። 6 ቢወጣላችሁ ኖሮ ዴልታውን ሳትፈትሹ የተሳሳተ መሆኑን ታውቁ ነበር። ፈተና ላይ ይህ አንድ ደቂቃ ነው የሚወስደው።

ቤት ስትሆኑ ደግሞ ብሬድቦርድ (ሳይበየድ ሰርኪዩት የሚገጠምበት ሰሌዳ) አለላችሁ። ሁሉንም በሺህ አባዙት፦ 3፣ 6፣ 9፣ 10.5 እና 3 ኪሎ ኦም። 6፣ 9 እና 10.5 ሱቅ ላይ ካጣችሁ ባለ 3 ኪሎ ኦሞችን በሲሪስ ቀጥሉ፤ ለ10.5 ሦስት ሙሉና ሁለት በፓራለል የሆኑ። በሀና በለ ለኩት። ከዚያ መልቲሜትሩ ሳይነቀል ባለ 9ኙን መስመር ነቅላችሁ ቁጥሩ ከ5 ወደ 5.4 ኪሎ ኦም ሲወጣ እዩት።